ጥቅምት 30ን ዳታቤዙ ለምን እምቢ አለ? በኮማ የተለየ የጽሑፍ ፋይልን ወደ ሰንጠረዥ ስለ ማስገባት

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «በአንድ ከተማ የውኃ አገልግሎት የመረጃ ባለሙያ ነኝ። ከአሮጌው የሂሳብ ፕሮግራም የወጣ፣ ዓምዶቹ በኮማ የተለያዩ፣ 214,306 መስመር ያለው የጽሑፍ ፋይል አለኝ፤ ከሐምሌ 2010 እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. የተከፈሉ ክፍያዎችን ይዟል። ዓምዶቹ የደንበኛ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ የተከፈለ ብርና የክፍያ ቀን ናቸው። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ ወዳለ ሰንጠረዥ ለማስገባት መጀመሪያ በኤክሴል ከፍቼ ሳስቀምጠው ስሞቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኑ። ወደ ዋናው ፋይል ስመለስ ደግሞ አንዳንዱ መስመር ትርፍ ዓምድ አለው አለኝ፤ እነሱን በእጄ አስተካከልኩ። ቀጥሎ 13/11/2010 የሚለው ቀን ከተፈቀደው ወሰን ውጪ ነው ብሎ ቆመ። የቀን አጻጻፍ ቅንብሩን እንድመለከት ፍንጭ ስለ ሰጠኝ፣ ቀን ከወር እንዲቀድም አድርጌ ቀየርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ መስመር ያልፍልኛል። አሁን የሚያስቸግሩኝ እንደ 30/02/2011 ያሉ ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው። አንድ በአንድ እያገኘሁ ከ40 በላይ ሰርዣለሁ። ስህተት ያለበትን መስመር ዘሎ የሚቀጥል ትእዛዝ የለም ወይ?»

ትእዛዙ አለ። ፖስትግሬስ በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው 17ኛ እትሙ ጀምሮ «ኮፒ» ለተባለው የማስገቢያ ትእዛዝ «ኦን ኤረር» የሚል አማራጭ ጨምሯል፤ አማራጩን «ኢግኖር» ብለው ከሰጡት፣ እሴቱ ከዓምዱ ዓይነት ጋር ያልተስማማ መስመር ሲያጋጥመው ይዘለውና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የዓምድ ቁጥሩ የበዛ ወይም ያነሰ መስመር ሲገጥመው ግን አሁንም ይቆማል። ጥያቄዎ እንደ ተጻፈው ከሆነ መልሱ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ አሁን ባሉበት ደረጃ ይህን አማራጭ እንዳይነኩት አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ የሰረዟቸው ከ40 በላይ መስመሮች ከፋይሉ ውስጥ ምንም ጥፋት የሌለባቸው ናቸውና። ጥፋቱ ያለው ባለፉት መስመሮች ላይ ነው።

30/02/2011 ጥቅምት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለት ነው። ፋይልዎ ከዳር እስከ ዳር በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ሲሆን ዳታቤዙ ደግሞ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ብቻ ነው። የሆነውን ከመነሻው እንከተለው። ፖስትግሬስ ቅንብሩ ካልተነካ በሰረዝ የተጻፈን ቀን ወርን አስቀድሞ፣ ቀንን አስከትሎ ያነበዋል። ፋይልዎ ከሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር 01/11/2010 የሚለውን «ጃንዋሪ 11 ቀን 2010» ብሎ ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀበለ፤ ሐምሌ 12 ላይም እንዲሁ «ዲሴምበር 11» አለ፤ ሐምሌ 13 ሲደርስ ግን በጎርጎርዮስ 13ኛ ወር ስለሌለ ቆመ። ያን ጊዜ የሰጠዎት ፍንጭ በራሱ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የሚገምተው ቀንና ወር ቦታ እንደ ተለዋወጡ እንጂ ሰነዱ በሌላ ዘመን አቆጣጠር እንደ ተጻፈ አይደለም። እርስዎም ፍንጩን አምነው ቅንብሩን ሲቀይሩ 13/11/2010 «ኖቬምበር 13 ቀን 2010» ሆኖ ገባ። ሐምሌ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ግን በጎርጎርዮስ ጁላይ 20 ቀን 2018 ነው። ደንበኛው የከፈለበት ቀን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደ፤ ማንም ግን አልጮኸም።

ይህ ስህተት እንዲህ ተደብቆ ሊያልፍ የቻለበት ምክንያት ቢታወቅ ይጠቅማል። የእኛ አሥራ ሁለቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን አላቸው፤ የጎርጎርዮስ ወሮች ደግሞ ከፌብሩዋሪ በስተቀር ሁሉም 30 ወይም 31 ናቸው። ስለዚህ የእኛን ወር ቁጥር እንደ ጎርጎርዮስ ወር ቁጥር ቢያነቡት ማናቸውም ቀን ማለት ይቻላል ቦታ ያገኛል፤ መስከረም ጃንዋሪ ውስጥ፣ ነሐሴ ዲሴምበር ውስጥ ያለ ችግር ይሰፍራሉ። የማይገጥመው ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው፤ ፌብሩዋሪ ላይ ስለሚወድቅ 30ኛው ቀን መቼም አይገባም፣ 29ኛውም የሚገባው የዓመቱ ቁጥር እንደ 2012 እና 2016 ለአራት ሲካፈል ብቻ ነው። ሌላው የማይገጥመው ጳጉሜን ነው፤ 13ኛ ወር የለምና። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ክፍያ ቢኖር እንኳ ዳታቤዙ የሚቃወመው ከሰባት፣ ቢበዛ ከስምንት ቀን አይበልጥም፤ የቀረውን ከ350 በላይ ቀን በተሳሳተ ዓመትና በተሳሳተ ወር ይመዘግበዋል። እርስዎ ሲሰርዟቸው የነበሩት የጥቅምት መጨረሻና የጳጉሜን ክፍያዎች ናቸው። በነገራችን ላይ የቀደመው ቅንብር ሳይነካ ቢቀር ኖሮ ጳጉሜን 5 የሆነውን 05/13/2010 «ሜይ 13» ብሎ በደስታ ይቀበለው ነበር።

ይህን የምጽፈው ራሴን ከፍ አድርጌ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ የብድር ተቋም መዝገብ ሳዛውር ይኸንኑ ስህተት ሠርቼ፣ የመክፈያ ቀናቸው ገና ያልደረሰ ብድሮች በሙሉ ለዓመታት እንዳደሩ ተቆጥረው ቅጣት ሲታሰብባቸው ነው የነቃሁት። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም የጽሑፍ ፋይል የመጣን ቀን በቀጥታ የቀን ዓይነት ባለው ዓምድ ውስጥ አስገብቼ አላውቅም። የምመክርዎትም መንገድ ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው።

ገበሬ እህሉን ከማሳ አጭዶ በቀጥታ ጎተራ አይከትም፤ አውድማ ላይ ወቅቶ፣ በመንሽ አዝርቶ፣ ገለባውን ለይቶ ነው የሚያስገባው። በዳታቤዝ ሥራም ፋይሉና ዋናው ሰንጠረዥ መካከል አንድ መቆያ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። እኔ ሰንጠረዡን ራሱን «አውድማ» ብዬ እሰይመዋለሁ፤ ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል የሚስቅብኝ ቢኖርም ስሙ ሥራውን ስለሚናገር አልተውኩትም። የዚህ ሰንጠረዥ ዓምዶች ሁሉ፣ ብሩም ቀኑም ሳይቀሩ፣ «ቴክስት» ማለትም ተራ ጽሑፍ ይሆናሉ፤ «ባዶ መሆን አይችልም» የሚል ገደብ፣ ዋና ቁልፍ ወይም ከሌላ ሰንጠረዥ ጋር የሚያያይዝ ሕግ አይደረግባቸውም። ዓላማው ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ነገር ሳይተረጎምና ሳይጣል እንዳለ ዳታቤዙ ውስጥ እንዲገባ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ከገባ በኋላ መፈተሹ፣ መቁጠሩና ማነጻጸሩ በኖትፓድ ውስጥ ከመዳከር እጅግ ይቀላል። ሰንጠረዡን «አንሎግድ» አድርገው ከፈጠሩት ፖስትግሬስ ለድንገተኛ አደጋ የሚይዘውን የለውጥ መዝገብ ስለማይጽፍለት ማስገባቱ ይፈጥናል፤ ሰርቨሩ በድንገት ቢጠፋ ሰንጠረዡ ባዶ ይሆናል፣ ዋናው ፋይል ግን እጅዎ ላይ ስላለ ጉዳት የለውም።

በመቆያው ሰንጠረዥ ላይ ከስድስቱ የፋይሉ ዓምዶች ሌላ አንድ ዓምድ ይጨምሩ፦ የመስመር ቁጥር፣ በራሱ እየቆጠረ የሚሞላ። «ኮፒ» ሲያዝዙ የዓምዶቹን ስም በቅንፍ ዘርዝረው የመስመር ቁጥሩን ከዝርዝሩ ካስቀሩት፣ ዳታቤዙ ፋይሉን ከላይ ወደ ታች ሲያነብ ቁጥሩን ራሱ ይሰጠዋል። ኋላ አንድ አጠራጣሪ እሴት ሲያገኙ በዋናው ፋይል ውስጥ ስንተኛው መስመር እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃሉ፤ ፋይሉ የርእስ መስመር ካለው አንድ መጨመር ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር ግን አለ፦ ማስገባቱ መሃል ላይ ወድቆ ሁሉም መስመር ቢመለስም ቆጣሪው ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ድጋሚ ከመሞከርዎ በፊት ሰንጠረዡን በ«ትራንኬት» ሲያጸዱ «ሪስታርት አይደንቲቲ» የሚለውን ማከል አይርሱ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው መስመር 90 ሺህ ስንት ተብሎ ሲጀምር ያገኙታል።

ሥራውን የሚጀምሩት በእጅዎ ካስተካከሉትና ከሰረዙበት ፋይል ሳይሆን አሮጌው ፕሮግራም ካወጣው ከዋናው ነው። ዋናውን ቅጂ ለብቻው ያኑሩት፣ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይስጡት፤ በኤክሴልም ሁለቴ ጠቅ አድርገው አይክፈቱት። ኤክሴል እንዲህ ዓይነት ፋይል ሲከፍት ቁጥር የመሰለውን ሁሉ ቁጥር ያደርጋልና በ09 ወይም በ07 የሚጀምሩ ስልኮች የፊት ዜሯቸውን ያጣሉ፤ ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ካለ ከ15ኛው በኋላ ያለው ወደ ዜሮ ይቀየራል፤ ቀን የመሰለውንም እንደ ኮምፒውተሩ አገር ቅንብር ይተረጉመዋል፣ ያውም ከፊሉን ብቻ። ይህ ሁሉ ሲቀመጥ ፋይሉ ላይ ይጻፋል።

የስሞቹ የጥያቄ ምልክት መሆንም ከዚሁ የመጣ ነው። የኤክሴል ተራው የሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ጽሑፍ) ማስቀመጫ ጽሑፉን በዊንዶውስ የቆየ የፊደል ኮድ ይጽፈዋል፤ በዚያ ኮድ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባው «አበበ» እና «ከበደ» ሁለቱም ሦስት የጥያቄ ምልክት ከሆኑ በኋላ ከዚያ ፋይል ስሙን መልሶ ማግኘት የሚችል ጥበብ አለመኖሩ ነው፤ ፋይሉን ይጣሉት። ወደፊት ከኤክሴል ማውጣት ግድ ሲሆን ከማስቀመጫ ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ይምረጡ፤ ዩቲኤፍ-8 የግዕዝንም ፊደል የሚይዝ የፊደል ኮድ ነው።

የአሮጌው ፕሮግራም ፋይል በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ እንደ ሆነ ስሞቹን በኖትፓድ አይተው ካረጋገጡ በኋላ ለ«ኮፒ» ትእዛዝ ይህንኑ በግልጽ ይንገሩት፤ «ኢንኮዲንግ» የሚል አማራጭ አለው። ካልነገሩት ትእዛዙን የሚልከው ፕሮግራም የሚጠቀምበትን ኮድ ይወስዳል፤ በዊንዶውስ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የምዕራብ አውሮፓው ኮድ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ የተሳሳተው ኮድ ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የላቲን ምልክቶች ያነባቸዋል። ፊደሎቻችን በሙሉ በአንድ ዓይነት ባይት ስለሚጀምሩም፣ ስሞች ሁሉ በላይዋ ጭረት ባለባት የላቲን «ኤ» (á) እየጀመሩ በየሦስት ምልክቱ እሷኑ እየደጋገሙ ካዩ የደረሰው ይኸው ነው። ከጥያቄ ምልክቱ የሚለየው ባይቶቹ ስላልጠፉ መዳን መቻሉ ነው፤ ሰንጠረዡን አጽድተው በትክክለኛው ኮድ መልሰው ማስገባት ብቻ ነው። እግረ መንገዴን፣ በኤክሴል «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የተቀመጠ ፋይል ከመጀመሪያው ፊደል በፊት የማይታዩ ሦስት ባይቶች ይኖሩታል። ፖስትግሬስ እነዚህን አያራግፍም፤ ፋይሉ የርእስ መስመር ካለውና «ሄደር» ብለው እንዲዘለል ካዘዙ አብረው ይወገዳሉ፣ የርእስ መስመር ከሌለ ግን ከመጀመሪያው ደንበኛ ቁጥር ጋር ተጣብቀው ይገቡና ያ አንድ ደንበኛ ከየትኛውም ሰንጠረዥ ጋር አልገጥም ይላል። ዓይን የማያየው ስለ ሆነ ሰው ቀኑን ሙሉ ይፈልገዋል።

አሁን ወደ ትርፍ ዓምዶቹ ልምጣ። ከላኳቸው ናሙና መስመሮች እንዳየሁት አድራሻው «ቀበሌ 05, የቤት ቁጥር 214» እየተባለ በላቲኑ ኮማ ተጽፏል፤ አሮጌው ፕሮግራም ደግሞ እንዲህ ያለውን እሴት በትእምርተ ጥቅስ አልከበበውም። ጥቅስ ቢኖር ኖሮ የሲኤስቪ አንባቢ ሁሉ በውስጡ ያለውን ኮማ እንደ ጽሑፍ ይወስደው ነበር። ጸሐፊዎቹ የእኛን ነጠላ ሰረዝ «፣» ተጠቅመው ቢሆን ይህ ባልመጣ፤ ለዳታቤዙ እሱ ከላቲኑ ኮማ ጋር ዝምድና የሌለው ሌላ ምልክት ነው። በዚሁ ምክንያት «እንግዲያው መለያውን ነጠላ ሰረዝ ላድርገው» ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ፖስትግሬስ መለያው አንድ ባይት ብቻ የሆነ ምልክት እንዲሆን ስለሚጠይቅ ሦስት ባይት ያለውን «፣» አይቀበልም። ፕሮግራሙን ድጋሚ ማሠራት የሚቻል ከሆነና መለያ መምረጫ ካለው፣ በታብ ወይም በቋሚ መስመር «|» የተለየ ፋይል እንዲያወጣ ማድረግ ከሁሉ ይቀላል፤ በሰው አድራሻ ውስጥ ቋሚ መስመር አይጻፍምና። በታብ ሲለዩም ቢሆን የ«ኮፒ»ን «ሲኤስቪ» አቀራረብ ይጠቀሙ። «ቴክስት» የሚባለው ሌላው አቀራረብ ወደ ኋላ ያጋደለውን ሰረዝ እንደ ልዩ ምልክት ስለሚያየው፣ «12\2015» የሚል የመዝገብ ቁጥር ቢያጋጥመው ከሰረዙ በኋላ ያሉትን ሦስት አሃዞች የባይት ቁጥር ነው ብሎ ሊተረጉማቸው ይሞክራል።

ፕሮግራሙን ማሠራት የማይቻል ከሆነ በእጅ ማስተካከል አያስፈልግም። ለጊዜው አንድ የጽሑፍ ዓምድና የመስመር ቁጥር ብቻ ያለው ሌላ ሰንጠረዥ ይፍጠሩና መስመሩን ሳይከፋፍሉ ሙሉውን እዚያ ያስገቡት። ይህ የሚሆነው ለ«ኮፒ» መለያውንም ትእምርተ ጥቅሱንም ፋይሉ ውስጥ በፍጹም የማይገኙ፣ እርስ በርሳቸውም የተለያዩ፣ በኪቦርድ የማይጻፉ የመቆጣጠሪያ ምልክቶች ናቸው ብለው ሲሰጡት ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ስንት ኮማ እንዳለ በአንድ ጥያቄ ይቆጥራሉ፦ የመስመሩን ርዝመት፣ ኮማዎቹ ከተነሱለት መስመር ርዝመት ጋር ማቀናነስ ነው። አምስት ኮማ ያለው ጤነኛ ነው። ስድስትና ሰባት ያላቸውን ለይተው ሲያዩ ትርፉ ሁልጊዜ አድራሻው ውስጥ ከሆነ መፍትሔው በእጅዎ ነው፤ ከግራ በኩል ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት እሴቶች የደንበኛ ቁጥር፣ ስምና ስልክ ናቸው፣ ከቀኝ በኩል ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ብርና ቀን ናቸው፣ በመሃል የቀረው ሁሉ ስንትም ኮማ ይኑረው አድራሻ ነው። ይህ የሚሠራው በብሩ ውስጥ ሺህን የሚለይ ኮማ ስለሌለ ነው፤ «1,250.50» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱም ወገን የተቆረጠውን ማመን ባልተቻለ። ከአምስት ያነሰ ኮማ ያለው መስመር ካገኙ ደግሞ አንድ ሰው አድራሻ ሲጽፍ መሃል ላይ አዲስ መስመር ጀምሯል ማለት ነውና ከቀጣዩ መስመር ጋር አብረው ያንብቡት፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ስለሚሆኑ በእጅ ቢታዩ አያስቆጭም።

ስለ ትእምርተ ጥቅስ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በሲኤስቪ አቀራረብ፣ በአንድ አድራሻ ውስጥ ተከፍቶ ያልተዘጋ ጥቅስ ካለ አንባቢው ቀጣዩን ጥቅስ እስኪያገኝ ድረስ ያሉትን መስመሮች ሁሉ እንደ አንድ እሴት ይውጣቸዋል። በርቀት ላይ ሌላ ብቸኛ ጥቅስ ቢያገኝ ስህተት ሳይናገር ሊያልፍ ይችላል፤ ከመካከል ያሉት ሁለት ሺህ ክፍያዎች የአንድ ደንበኛ አድራሻ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ካስገቡ በኋላ የረጅሙን አድራሻ ርዝመት ይጠይቁ፤ ከሁለት መቶ ፊደል በላይ ከሆነ ምን እንደ ዋጠ ይመልከቱ።

የፈቃድ ጉዳይን በአጭሩ ልለፈው። «ኮፒ» ብቻውን ሲታዘዝ ፋይሉን የሚፈልገው ዳታቤዙ ባለበት ሰርቨር ላይ ነው፣ ለዚያም ልዩ መብት ይጠይቃል፤ ፋይሉ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ለፖስትግሬስ ትእዛዝ በሚጻፍበት ፕሮግራም፣ በ«ፒኤስኪውኤል» ውስጥ፣ ወደ ኋላ ባጋደለ ሰረዝ የሚጀምረውን «\ኮፒ» ይጠቀሙ። ሰረዙን መርሳት ከመቶ ጥያቄዎች የግማሹ ምንጭ ነው ብል የማጋነን ያህል ብቻ ነው።

ሁሉም ጽሑፍ በመቆያው ሰንጠረዥ ከሰፈረ በኋላ ወደ ዋናው የሚሄደው እየተፈተሸ ነው። ብሩን በተመለከተ ዳር ዳሩ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ ያራግፉና አሃዝና አንድ ነጥብ ብቻ መሆኑን ይፈትሹ፤ ከ16ኛው እትም ጀምሮ «ፒጂ ኢንፑት ኢዝ ቫሊድ» የተባለ አገልግሎት ስላለ፣ አንድ ጽሑፍ ወደ ተፈለገው ዓይነት ይለወጥ እንደ ሆነ ስህተት ሳያስነሳ እውነት ወይም ሐሰት ብሎ ይመልስልዎታል። ለቀኑ ግን ይህን አገልግሎት አይመኑት፤ ከላይ እንዳየነው «ይለወጣል» እና «ትክክል ነው» የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የቀኑን ጽሑፍ በሰረዙ ላይ ከፍለው ቀን፣ ወርና ዓመት ብለው ሦስት ቁጥር ያድርጉት። መጀመሪያ በራሳችን አቆጣጠር ሕግ ይፈትሹት፦ ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑ ከ1 እስከ 30፤ ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ እስከ 5፣ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ደግሞ እስከ 6። ይህን ያላለፈ መስመር በእርግጥ ስህተት ነው፤ የሚለየውም አሁን ነው። ያለፈውን ለመቀየር የምጠቀምበት ስሌት መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መሆኑን መነሻ ያደርጋል። ከዓመቱ ላይ 2000 ቀንሰው በ365 ያባዙ፤ ዓመቱን ራሱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን ይተዉና ከድርሻው ላይ 500 ቀንሰው ይደምሩበት፤ ከወሩ 1 ቀንሰው በ30 አባዝተው ይደምሩ፤ ከቀኑም 1 ቀንሰው ይደምሩ። ያገኙትን የቀን ብዛት በሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ላይ መጨመር ነው፤ ፖስትግሬስ ቀን ላይ ሙሉ ቁጥር ሲደመር ያን ያህል ቀን ወደፊት ይሄዳል። በእርስዎው ምሳሌ፣ ለ13/11/2010 ዓመቱ 3650 ይሰጣል፤ 2010 ለ4 ሲካፈል 502 ስለሚደርስ ሲቀነስ 2 ይሆናል፤ ወሩ 300፣ ቀኑ 12፤ ድምሩ 3964 ነው፣ ይህም ጁላይ 20 ቀን 2018 ላይ ያደርሳል።

«አስቀድሜ 2000ን ቀንሼ ልዩነቱን ለ4 ባካፍልስ?» የሚሉ አሉ። ለእርስዎ ፋይል ልዩነት አያመጣም፤ ከ2000 በፊት ላሉ ዓመታት ግን የሙሉ ቁጥር ማካፈል ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ፣ ለምሳሌ 1999 ላይ ከአንድ ተቀናሽ ይልቅ ዜሮ ይሰጥና ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቀን ያዛንፈዋል። ስሌቱን አንድ ጊዜ በዳታቤዙ ውስጥ እንደ «ፈንክሽን» ጽፈው ቢያስቀምጡት ለሌላም ሥራ ይሆንዎታል። የኢትዮጵያውን ቀንም አይጣሉት፤ በዋናው ሰንጠረዥ ከተለወጠው ቀን ጎን እንደ ተጻፈው በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣው ደንበኛ የሚጠቅሰው እሱን ነውና።

ስሞቹን ከደንበኞች ዋና መዝገብ ጋር በስም ለማገናኘት አስበው ከሆነ ይተዉት፣ በደንበኛ ቁጥር ያገናኙ። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፣ ለዳታቤዙ ግን ሦስት። ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ወገን የሚመልስ ተጨማሪ ዓምድ ለፍለጋ ማዘጋጀት ጥሩ ነው፤ ሰው በስሙ የጻፈውን ፊደል ግን ዋናው ዓምድ ላይ መቀየር አይገባም።

ፍጥነትን በተመለከተ ሁለት መቶ ሺህ መስመር ለ«ኮፒ» ቀላል ሥራ ስለ ሆነ አያስጨንቅዎት። ዋናው ሰንጠረዥ ላይ የሚያስፈልጉትን ኢንዴክሶች (ፍለጋን የሚያፋጥኑ ማውጫዎች) መረጃው ከገባ በኋላ ይፍጠሩ፣ ቀጥሎም ዳታቤዙ ስለ ሰንጠረዡ ይዘት ያለውን ግምት እንዲያድስ «አናላይዝ» ብለው ይዘዙ። ከመቆያው ወደ ዋናው የሚያዛውረውን ጥያቄ በአንድ «ትራንዛክሽን» ውስጥ ያድርጉት፤ ፍተሻው ካላማረዎት ሁሉንም በአንድ ቃል ይመልሱታል። ይህን መልስ ማይኤስኪውኤል የተባለውን ሌላ ዳታቤዝ ይዞ የሚያነብ ካለ፣ እዚያ «ሎድ ዳታ» የሚባለው ትእዛዝ ከራስ ኮምፒውተር በ«ሎካል» ሲታዘዝ የእሴት ስህተቶችን ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ አድርጎ ስለሚቀጥል፣ በዚያ በኩል መቆያ ሰንጠረዥ ይበልጥ እንጂ ያነሰ አያስፈልግም።

የመጨረሻው ሥራ ማመሳከር ነው። በመቆያው ውስጥ ያለው የመስመር ብዛት ከፋይሉ ጋር እኩል ይሁን፤ ወደ ዋናው የገባውና በፍተሻ የተለየው ሲደመሩም ያንኑ ይስጡ። የእያንዳንዱን በጀት ዓመት ድምር ብር፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ቀን፣ የሂሳብ ክፍሉ ካጸደቀው ዓመታዊ ሪፖርት ጋር ያስተያዩ። ለዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ከሁሉ የምወደው ፈተና ሌላ ነው፦ ክፍያዎቹን በሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው ይቁጠሯቸው። የክፍያ መስኮታችሁ እሑድ የሚዘጋ ከሆነና ቀኖቹ በትክክል ተለውጠው ከሆነ በእሑድ ሥር የሚገኘው ቁጥር ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የቀረበ ይሆናል። ባዶው ቀን ሰኞ ወይም ቅዳሜ ላይ ከወደቀ ስሌቱ አንድ ቀን ተዛንፏል፤ ሰባቱም ቀን እኩል ከተሞሉ ግን አንድም ቀን ሳይለወጥ ቀርቷል ማለት ነው። ያ የሰረዙት 30/02/2011 ተመልሶ ሲገባ ኖቬምበር 9 ቀን 2018፣ ዓርብ ሆኖ ሊያገኙት ይገባል።